የልዑል ይግዛው ሦስተኛ ልጅ

ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል እንጂ ሽማግሌ ተከትሎ አይሄድም። ይሄነው ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ጋዜጠኛ ሆኖ የኖረ ሰው ነውና ወሬው እስኪመጣለት መታገሥ አልሆነለትም። ያን ቅዳሜ ጠዋት ከእንጅባራ ዳንግላ ድረስ በሚኒባስ ሄዶ፣ እዚያ ባጃጅ ተኮናትሮ፣ ከጋሽ ባንተአምላክ ቤት የቆርቆሮ አጥር ሥር አስቁሞ፣ ሸራውን አስወርዶ እንደ ሌባ ተሸጎጠ።

ጋሽ ባንተአምላክ የታወቁ የድንች ነጋዴ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጭነት መኪና ላይ ከቆመ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ስለኖሩ ሳሎናቸው ውስጥም ድምፃቸው ከዚያ አይወርድም። ስለዚህ ከውስጥ ከሚባለው ግማሹ፣ ማለትም የእሳቸው ግማሽ፣ ባጃጁ ድረስ ጥርት ብሎ ይደርስ ነበር።

መጀመሪያ ነገሩ መልካም ሄደ። የሽማግሌዎቹ መሪ ከግምጃ ቤት ከተማ የመጡት አያ ደሴ ናቸው፤ ጥርሳቸው ካለቀ ቆይቷል፣ የሰው ትውልድ ግን ከአፋቸው አይጠፋም። «ልጅዎን ለልጃችን» ሲሉ ጋሽ ባንተአምላክ እንደ ወጉ «ልጄ ገና ሕፃን ናት» አሉ። ልጃቸው ሀይማኖት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናት። ይሄነው ሳቁን በክንዱ አፈነው። ቀጥሎ አያ ደሴ ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጋሽ ባንተአምላክ ደግሞ ለመንደሩ ሁሉ መለሱላቸው።

«ዘር መቁጠር? ለዚህ ምን ይደክማሉ፣ አያ! የእኛ ዘር እኮ ታትሟል! አንቺ፣ መጽሐፉን አምጪው!»

ይሄነው ያኔ ነው ከሸራው ሥር ይበልጥ የተሸጎጠው።

መጽሐፉን የጻፈው እሱ ራሱ ነው። «ልዑል ይግዛውና ዘሮቻቸው» ይባላል። ጋሽ ባንተአምላክ በነጠላ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል፤ እንግዳ ሲመጣ ይፈታል፣ ይነበባል፣ ይጠቀለላል።

«ልዑል ይግዛው፣ አንድ!» አሉ ጋሽ ባንተአምላክ እንደሚያሸንፍ ሰው። «ሁለተኛ ልጃቸው፣ ሁለት! የእሱ ልጅ፣ አባቴ ማለት ነው፣ ሦስት! እኔ፣ አራት! ሀይማኖት፣ አምስት! አሁን የልጁን ንገሩኝ።»

አያ ደሴ መነጽር ተውሰው ያንኑ መጽሐፍ ገለጡ መሰለኝ። ከዚያ የጋሽ ባንተአምላክ ድምፅ እንደገና መጣ፤ አሁን ግን ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር እየወረደ ነው። «ልዑል ይግዛው... አንድ። ሦስተኛ ልጃቸው ልጅ አስናቀ... ሁለት። የእሱ ልጅ... ሦስት። የይሄነው እናት... አራት። ይሄነው...»

አምስትን አልጨረሱትም። «እህቱን ነው እንዴ ሊያገባ ሽማግሌ የላከው!»

በአገሩ ልማድ ሰባት ትውልድ ሳይርቅ አይጋቡም። አምስት ላይ የተገናኙ ሰዎች በአንድ ሰርግ ላይ አብረው መጨፈር ይችላሉ እንጂ ሙሽራ መሆን አይችሉም። የባጃጁ ሾፌር ዞሮ በመስተዋቱ ሳይሆን በዓይኑ አየው።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለው። «ዘመድ አገኙ።»

ሀይማኖት የደወለችው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ቢሆንም ስድቡ አንዱም አልጠፋበትም።

«እስከ አምስት መቁጠር ያቅትሃል?»

«ሀይማኖትዬ፣ ስሚኝማ...»

«እህትህ ነኝ። በሙሉ ስሜ ጥራኝ።»

«አባትሽን ደስ ላሰኛቸው ብዬ እኮ ነው መጽሐፉ ውስጥ ያስገባኋቸው!»

«እሱን አውቃለሁ። ራስህንስ ማንን ደስ ላሰኝ ብለህ ነው? የጻፍከው አንተ ነህ፤ የምትፍቀውም አንተ ነህ። ሁለት ሳምንት ሰጥቼሃለሁ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ሆነህ ትቀራለህ፤ በዓል በዓል እየመጣህ ትጠይቀኛለህ።»

ነገሩ እንዲህ እንዴት እንደተጠመጠመበት ለማወቅ ትንሽ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ይሄነው እንጅባራ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ሲሠራ ዜናው ሁሉ ከድንች፣ ከገብስና ከችግኝ አያልፍም ነበር። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «ገለጹ» ብሎ ያልጨረሰው ዜና የለም። በከተማው ስሙ የተጠራው ግን በቀብር ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የሕይወት ታሪኩን የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል፤ ከጸሎተ ፍትሐቱ በኋላ፣ አፈር ከመመለሱ በፊት ይነበባል። ሬዲዮ ላይ የሚያነብ ሰው ይህን መቼም አያጣውም ተብሎ እሱ ይጠራል። በዚህ ሥራ ይሄነው አንድ ትልቅ ትምህርት ቀሰመ፤ በቀብር ላይ «ውሸት ነው» የሚል ሰው የለም። ዕድሜውን ሙሉ ድንበር ሲገፋ የኖረውን ሰው «ድንበር አክባሪ» ብሎ ሲያነብ፣ ድንበሩ የተገፋበት ጎረቤት ራሱ አንገቱን እየነቀነቀ ያለቅሳል።

አንድ ጥር፣ የፈረሰኞቹ በዓል ሲከበር፣ ጣቢያው «የልዑል የልጅ ልጅ አሉ» የተባሉ አንዲት አሮጊት ዘንድ ላከው። ሁለት ደቂቃ ዜና ሊሠራ ሄዶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እሜቴ ሽታዬ ከዘጠና ዓመት ያልፋቸዋል፤ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከድመታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። አያታቸው ልዑል ይግዛው ከቤተ መንግሥት ሰው ጋር ተጣልተው በአንድ በቅሎና በአንድ አሽከር ወደዚህ ደጋ የተጋዙ ሰው ናቸው። አንድ ወንድ ልጅ ወልደው፣ ብርዱን እየረገሙ ሞቱ። ይኸው ነው።

ይሄነው ግን ሥራውን ለቀቀ። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለውን ጓደኛውን ኑርሁሴንን ካርድ እንዲያትምለት አዘዘው፤ «ይሄነው አወቀ፣ የልዑላን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ»።

«ልዑላን ስትል ስንት ናቸው?» አለው ኑርሁሴን።

«ለጊዜው አንዲት ናቸው።»

«እንግዲያማ ‹የልዕልቲቱ› በልና ቀለም እንቆጥብ።»

ሁለት ዓመት የሰበሰበው እውነት ዐሥራ አንድ ገጽ ሆነ። የእድር መተዳደሪያ ደንብ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ይሄነው ገጾቹን እያየ ሲጨነቅ፣ ወሬውን የሰማ ሰው ሁሉ ወደ እሱ መምጣት ጀመረ። «እኛም ከልዑሉ እንወለዳለን ይባላል» ይላል አንዱ። ሌላው «አያቴ ዘውድ ሲያልም ነው የሞተው» ብሎ ይምላል። ይሄነው ሰው ማስቀየም አይወድም፤ ይጽፋል። ልጁ አንድ ብቻ ስለሆነ ይህን ሁሉ ሰው የሚሸከም ግንድ አልተገኘም። ስለዚህ ልዑሉን ከሞቱ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ስድስት ጊዜ አስወለዳቸው። ሁለተኛው ልጅ ለጋሽ ባንተአምላክ ሆነ፤ ያን ጊዜ ሀይማኖትን አይቶ እንቅልፍ አጥቶ ነበርና። ሦስተኛውን ለማንም አላጋራም፤ ለራሱ ለይሄነው ብቻ አስቀረው። «ልዑል ለልዑል እኩያ ነው፤ አባቷ አይንቁኝም» ብሎ አሰበ። ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ወንድምና እህት መሆናቸውን አላሰበም፤ ጋዜጠኛ ነዋ፣ ከርዕሱ አልፎ አያነብም። የሦስተኛውን ልጅ ስም ያገኘው ደግሞ ከኑርሁሴን ሱቅ ፊት ለፊት ከተሰቀለ ታፔላ ላይ ነው፤ «አስናቀ የወንዶች ጸጉር ቤት»።

አሁን ይህን የሚያስተካክል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይሄነው ሰኞ እሜቴ ሽታዬ ዘንድ ሄደ። ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ እናትነሽ የምትባል፣ ከአዲስ ቅዳም ከሰል እያመጣች የምትሸጥ ሴት ጠጉራቸውን ታጥባቸዋለች። እናትነሽ በመጽሐፉ የአምስተኛው ልጅ የልጅ ልጅ ናት። ይሄነው ያስገባት አንድ ገጽ ላይ ቦታ ተርፎት ነው።

«ና ጸሐፊዬ» አሉት እሜቴ። «ዛሬ ስንት ወንድም አመጣህልኝ?»

መጽሐፉ ከወጣ ጀምሮ ሰላምታቸው ይኸው ነው። እናትነሽ ውኃ ልትቀዳ እስክትሄድ ጠብቆ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። እሜቴ ሽታዬ ሳቁ፤ ሳቁና ሳል ያዛቸው፤ ሳሉን ጨርሰው እንደገና ሳቁ።

«አያቴ የወለዱት አባቴን ብቻ ነው። ነግሬህ አልነበረም?»

«ነግረውኛል፣ እሜቴ።»

«በእጅህ ጽፈሃል።»

«ጽፌያለሁ። አሁን ለሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለው ቢነግሩልኝ...»

እሜቴ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «አንተ ያንን ነገር ሳትጽፍ ይቺን ደጅ የሚረግጣት ድመቷ ብቻ ነበረች። አሁን እሁድ እሁድ መቀመጫ ይጠፋል። ድንች ይመጣል፣ ማር ይመጣል፣ ለፋሲካ በግ መጣልኝ። ይቺ ልጅ ሁለት ዓመት ጠጉሬን አጠበች። ውሸት መሆናቸውን እኔም አላጣሁትም፤ ድንቹ ግን ይበላል። አንተን ልዳር ብዬ በአንድ አፍ ይህን ሁሉ ሰው ላባርር ነው?»

«እሜቴ፣ ሁለት ሳምንት ነው የተሰጠኝ።»

«እስኪ ላስብበት። እሁድ ሽማግሌዎቹን ይዘህ ና።»

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ እንደተቀመጡ ሞቱ። ድመቷ ከጭናቸው አልወረደችም ነበር አሉ።

ይሄነው መሬት ላይ ተንከባለለ። ሁለት ሰው ይዞት አልቻለውም። «ወይ ፍቅር! እንዲህ የሚያለቅስ የሥጋ ልጅ የት አለ!» እያሉ ሴቶቹ ራሳቸው የሚያለቅሱትን አቋርጠው አደነቁት። እሱ ግን ልቡ ያውቀዋል፤ ያለቀሰው ለምስክሩ ነው። ሦስት ቀን ቢቆዩለት ኖሮ እያለ ነበር የሚንከባለለው። እንዲህ ያለ ሐዘንተኛ መሆኑን እያወቀ መንከባለሉን አልተወም፤ አንዴ ተጀምሯልና።

የሕይወት ታሪኩን ጻፍ የተባለው እሱ ነው፤ ማን ይባል ሌላ? አመሻሹ ላይ ኑርሁሴን ሱቅ ገባ።

«እውነቱን ጻፍና ይውጣልህ» አለው ኑርሁሴን ኮምፒውተሩን እየከፈተ።

«እውነቱን ካነበብኩ ነገ ቀብሩ ላይ ማን ይቆማል? ያ ሁሉ ሰው እኮ የሚመጣው ዘመድ ነኝ ብሎ ነው።»

«እንግዲያ ውሸቱን ጻፍ።»

«ሀይማኖትስ?»

ኑርሁሴን ወንበሩን ወደኋላ ገፋ አደረገ። «አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ የሚያስጽፍ ደንበኛ አውቃለሁ። አንድ ሰው ሁለት ዓይነት አድርጎ የሚያስጽፍ ግን ካንተ በቀር አላየሁም። በል ንገረኝ።»

ሁለት ዓይነት ተጻፈ። አንደኛው አንድ ልጅ ያለበት፣ ሌላው ሰባት። ኑርሁሴን እየጻፈ ሳለ «በሕይወት ዘመናቸው ያዘወትሩት የነበረ ንግግር ካለ ይጨመር» አለ፤ ለሁሉም ሟች የሚጠይቀው ነው። ዛሬ ስንት ወንድም አመጣህልኝ የሚለው ሰው እንደሌለ ይሄነው ገና ያን ጊዜ ገባው። አለቀሰ፤ አሁን መንከባለል አልነበረም፣ ድምፅም አልነበረም። ኑርሁሴን ተነሥቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገለት።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞላ። ስልሳ ያህል ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን በጥቁር ጨርቅ ሸልመው ከአጥሩ ውጪ ዞሩ። «አክስቴ!» የሚል አለ፣ «አያቴ!» የሚል አለ፤ ጋሽ ባንተአምላክ ካባ ደርበው ከፊት ቆመዋል፣ ሀይማኖት ከኋላቸው። አያ ደሴ በዱላቸው ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ሲቆጥሩ የሚያደርጉት ነው። ይሄነው በቀኝ ኪሱ ባለ አንድ ልጁን፣ በግራ ኪሱ ባለ ሰባቱን ይዞ መቃብሩ አፍ ላይ ቆመ።

እጁን ወደ ቀኝ ሰደደ። በዚህ መሐል እናትነሽን አያት። አትጮህም፤ ደረቷንም አትደቃም። የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ በርከክ ብላ፣ የከሰል ጥቁረት የማይለቀው እጇ የሬሳ ሣጥኑን ጫፍ ይዟል፤ ሰው የታመመ ሰው አልጋ እንደሚይዝ። ይሄነው ባለ አንድ ልጁን ወረቀት ለቀቀው። ግራውን አወጣና ማንበብ ጀመረ።

ልደታቸውን አነበበ፤ አባታቸውን አነበበ። «አያታቸው ልዑል ይግዛው ሰባት ልጆች ወለዱ...» ካለ በኋላ ቆመ። ወረቀቱን አጥፎ እዚያ ላይ የሌለ ነገር መናገር ጀመረ።

«...ተብሎ በመጽሐፌ ተጽፏል። ከሰባቱ አንዱን ግን የወለድኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ልጅ፣ ልጅ አስናቀ የተባለው፣ አልተወለደም። ስሙን ከጸጉር ቤት ታፔላ ላይ ነው ያገኘሁት። ከእሱ ይወለዳሉ ተብሎ የተጻፍነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እኔ ለእሜቴ ሽታዬ ምናቸውም አይደለሁም።»

ሰው አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ «ልዑሉ ቀለል አላቸው» አለ፤ አንዲት ሴት በለቅሶዋ መሐል ፈገግ ብላ መልሳ አለቀሰች። አያ ደሴ ዓይናቸውን ገለጡ።

«የቀሩት ስድስቱስ?»

ይሄ ነው ጥያቄው። ይሄነው ወደ እናትነሽ አየ፣ ወደ ጋሽ ባንተአምላክ ካባ አየ።

«ስድስቱማ፣ አያ፣ የወለዷቸው እዚህ ቆመው እያለቀሱ ነው።»

በዐሥራ አንድ ዓመት የጋዜጠኝነት ዘመኑ፣ ሳይመልሱ የመለሱለትን ስንት ባለሥልጣን ቀድቶ አስተላልፏል፤ እንዲህ አሳምሮ ያመለጠ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። አያ ደሴ ጥቂት አዩት። ከዚያ ዱላቸውን አንሥተው ወደ ቄሱ ጠቆሙ፤ አፈሩ ይመለስ ማለታቸው ነው።

ከቀብር ሲመለስ ኩነኔው ከየአቅጣጫው መጣ። የገዛ እናቱ በሩ ላይ ጠበቀችው። «ሳትጠይቀኝ ልዕልት አደረግኸኝ፤ አሁንም ሳትጠይቀኝ አወረድኸኝ» አለችና ሁለት ቀን አኮረፈችው። ካርዱን የሰጣቸው ሰዎች ሳይቀሩ በመንገድ ሲያገኙት አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ሰላም ይሉት ጀመር፤ ለተሰበረ ሰው እንደሚደረገው።

ሽማግሌዎቹ በተሰጠው ጊዜ ማለቂያ ቅዳሜ ዳንግላ ተመለሱ። ይሄነው አሁንም ባጃጅ ውስጥ ነበር፤ ከስሕተቱ የሚማር ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር።

«ዝምድናው ፈርሷል» አሉ አያ ደሴ፤ ዛሬ እሳቸውም ጮክ አሉ።

«እሱስ ፈርሷል!» አሉ ጋሽ ባንተአምላክ። «ነገር ግን ልጄ የልዑል ዘር ናት፣ አያ። በመጽሐፍ የሰፈረች! እሱ ማነው? ተራ ሰው! ያውም በቀብር ላይ ተራ መሆኑን ራሱ የመሰከረ! ምን ብዬ ነው የምሰጠው?»

ይሄነው በሸራው ቀዳዳ ሰማዩን አየ። ከዚያ ከወደ ጓዳ የሀይማኖት ድምፅ መጣ፤ ክፍል ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጡት ተማሪዎች የምትናገርበት ድምፅ።

«አባዬ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ ወንድሜ ነው። ከመጽሐፉ ውጪ የቀረልን ተራ ሰው ብቻ ነው። ቁጠረው።»

ጋሽ ባንተአምላክ ቆጠሩ። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ የሚያውቁትን ጨዋ ሰው ሁሉ እየጠሩ ቆጠሩ፤ አንዱም ከልዑሉ ዘር አላመለጠም። ይሄነው ሰው ማስቀየም አይወድም ነበርና። በመጨረሻ ድምፃቸው ጨርሶ ወረደ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አያ ደሴ የባጃጁን ሸራ በዱላቸው ገልጠው «ውጣ፣ ተራው!» አሉት። ልጅቷ ተሰጥታለች፤ ጋሽ ባንተአምላክ ግን በአንድ ውል አስረው ነው የሰጧት። ሦስተኛው ልጅ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ይውጣ፤ ነገ አንድ አዋቂ ተነሥቶ ቤታቸውን በነውር እንዳያነሣ።

ስለዚህ ኑርሁሴን ማረሚያ አተመ፤ እየሳቀ ስለነበር ሁለት ጊዜ ተበላሸበት። «በገጽ ሠላሳ አራት የተጠቀሱት ልጅ አስናቀ አልነበሩም፤ ደራሲውም ከልዑሉ አይወለድም።» ይሄነው ሙጫና መቀስ በፌስታል ይዞ በየቤቱ ዞረ። ሰው በደንብ ተቀበለው። «አይዞህ፣ ተራ ሰው መሆን ነውር የለውም» ይሉታል፤ ከዚያ የራሳቸውን ገጽ ገልጠው እንዳልተነካ ያዩና ይዘጉታል።

አዲስ ቅዳም እናትነሽ ቤት የደረሰው በአንድ ማክሰኞ ነው። ግቢዋ ውስጥ ከሰል እያበጠረች ነበር። ማንበብ አትችልም፤ መጽሐፉን ግን በላስቲክ አድርጋ ከሥዕለ ማርያም ሥር አስቀምጣዋለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አመጣችለት። ወረቀቱን ለጠፈ።

«ጠመመ» አለችው።

ነቅሎ እንደገና ለጠፈው።

«የእኔ አልተነካም?»

«አልተነካም።»

«እስኪ አንብብልኝ።»

አነበበላት። ስሟ ጋ ሲደርስ ራሷን ነቀነቀች። መጽሐፉን ተቀብላ ወደ ላስቲኩ መለሰችና ወደ ከሰሏ ጎንበስ አለች።

«የእሜቴ አርባ የፊታችን ሳምንት ነው» አለች ቀና ሳትል። «እኛ ዘመዶቹ ተሰብስበን ተነጋግረናል። አንተም ና። ዘመድ ባትሆንም ለእሳቸው ታለቅስ ነበር፤ ሰው ሁሉ አይቷል።»

«እመጣለሁ።»

«በጠዋት ና እንግዲህ። እኛ ዘመዶቹ ተቀማጭ ነን፤ ለእንግዳው እጅ የሚያስታጥብ ሰው አላገኘንም።»

ይሄነው ሙጫውን ወደ ፌስታሉ መለሰ።

«የማስታጠቢያው ማሰሮ ከዚህ ይወሰዳል ወይስ እኔ ላምጣ?» አላት።